ማንም ያላየው ዜሮ

እኛ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ያልሆነ ቅጠል የለም። ይህን የምለው ከእምነት ተነሥቼ አይደለም፤ ከሥራዬ ነው። ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት የጽሕፈትና የጥረዛ ሱቅ አለኝ። የዕፅዋት ትምህርት ክፍል ተማሪዎች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስተይቡት እኔ ጋ ነው። ስሜ ኢሳኪያማል ነው፤ ልጆቹ ኢሳኪ አካ ይሉኛል፣ እትዬ ኢሳኪ እንደማለት። በእነዚህ ጣቶቼ የፓፓያ ቅጠል፣ የማንጎ ቅጠል፣ የጉሎ ቅጠል፣ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጀርባ ያለው ፍየል እንኳን የማይደፍረው ቁጥቋጦ ሳይቀር፣ ሁሉም ባክቴሪያ ገዳይ፣ ሁሉም እርጅና አባራሪ መሆናቸውን ጽፌአለሁ። ይህ ሁሉ መድኃኒት ዙሪያችንን በቅሎ ሳለ የመንግሥት ሆስፒታሉ ሰልፍ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚደርስበትን ምክንያት ግን አንዱም ጽሑፍ ላይ አላገኘሁትም።

አሠራሬን አልደብቅም። ተማሪ ሲመጣ አዲስ ነገር አልጽፍለትም፤ የአምናውን ከፍቼ የቅጠሉን ስም እለውጣለሁ። መግቢያው ያው ነው፣ «ይህ ቅጠል ለሰው ልጅ ታላቅ ተስፋ ነው» የሚለው መደምደሚያም ያው ነው። ሠንጠረዡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ተማሪው ቁጥሮቹን ብቻ ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ የጉሎው ጽሑፍ ገጽ አርባ አንድ ላይ ስሙን መለወጥ ረስቼ የሽፈራው ቅጠል ሆኖ ቀረ። ፈታኞቹ ልጁን በማዕረግ አሳለፉት። አንደኛው እንዲያውም «በተለይ ገጽ አርባ አንድ ጥልቀት አለው» ብሎ ጻፈለት።

ቁጥሮቹ ግን ሁሉም ከአንድ ሰው እጅ ነበር የሚመጡት። ማሲላማኒ ይባላሉ። በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የቤተ ሙከራው ዕቃ አጣቢ ናቸው። በተግባር ግን ቅጠሉን የሚለቅሙት እሳቸው፣ በጥላ የሚያደርቁት እሳቸው፣ የሚወቅጡት እሳቸው፣ አልኮል ውስጥ ሦስት ቀን ዘፍዝፈው የሚያጠልሉትም እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ማጣሪያ ወረቀት በቢሮ መብሻ እየበሱ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ያወጣሉ፤ በእንፋሎት ቀቅለው፣ አድርቀው፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ክቧ ወረቀት የቅጠሉን ጭማቂ ትጠጣና ሳህን ውስጥ በረጋ፣ ባክቴሪያ በተዘራበት ጄሊ ላይ ትቀመጣለች። በነጋታው ባክቴሪያው ሳህኑን ሁሉ ሲሸፍን በወረቀቷ ዙሪያ ብቻ ጠራ ያለ ቀለበት ከቀረ፣ ቅጠሉ ገደለ ማለት ነው። ማሲላማኒ ቀለበቱን በማስመሪያ ለክተው ይናገራሉ፣ ተማሪው ይጽፋል፣ እኔ እተይባለሁ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ራጃማኒካም ይፈርማሉ። ሳይንስ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚሠራው።

እሳቸው ነክተውት ቀለበት ያላወጣ ቅጠል አልነበረም። «የማሲ አንና እጅ ይቀናዋል» ይባል ነበር፤ ጋሼ ማሲ ለማለት ነው። ተማሪዎች ሳህናቸውን ሌላ ሰው ሲነካባቸው ፊታቸው ይገረጣል።

ሁለተኛው ፈተና ቅጠሉ እርጅናን የሚያባርር ነገር አለው ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ሐምራዊ ውሃ አለ፤ ጭማቂው ጠብ ሲልበት ወደ ቢጫ ከተለወጠ፣ አለው ማለት ነው። አንድ ቀን ማሲላማኒ ከብርጭቋቸው የተረፈውን ሻይ ጠብ ቢያደርጉበት፣ እስከዚያ ቀን ከተፈተነው ቅጠል ሁሉ ፈጥኖ ቢጫ ሆነ። እየሮጡ ወደ ዶክተር ራጃማኒካም ሄዱ።

«ሰር፣ የሻይ ቤታችን ሻይ ሁሉንም በለጠ እኮ!»

«ማሲላማኒ፣ ሻይ ሳይንስ ውስጥ አይገባም። ሻይ የሚገባው በአሥር ሰዓት ነው» አሏቸው ዶክተሩ፣ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩ።

ማሲላማኒ ከጽሑፉ ሁሉ የሚያነቡት አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ የምስጋናውን። የተጠረዘው ሲወጣ ሱቄ መጥተው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ እግዚአብሔር ይመሰገናል፣ ከዚያ ዶክተሩ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩ፣ ወላጆች፣ እጮኛ፣ የእጮኛ ወላጆች፤ መጨረሻ ላይ «እንዲሁም ለቤተ ሙከራው ሠራተኛ» የሚል ይመጣል። ስም የለውም።

«ኢሳኪ፣ ዘንድሮም ‹እንዲሁም› ነኝ?»

«ዘንድሮም ‹እንዲሁም› ነዎት፣ አንና።»

ይስቁ ነበር፤ ግን እኔ ሳቃቸውን አውቀዋለሁ። መቶ አርባ ጽሑፍ በእጃቸው አልፎ ስማቸው አንዱም ላይ የለም። የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ በአንድ የታተመ ጥናት አናት ላይ፣ ከርዕሱ ሥር፣ ከዶክተሮቹ ጋር «ማሲላማኒ» የሚል ጽሑፍ ማየት።

ጡረታቸው ሊደርስ አምስት ወር ሲቀረው ምኞታቸው ደጃቸው ድረስ መጣ። ዶክተር ራጃማኒካም ፕሮፌሰር ለመባል አንድ ጥናት ጎድሏቸው ነበር። ሁልጊዜ «አንተ» የሚሏቸውን ሰው ያን ቀን ወንበር ስበው አስቀመጡና «እርስዎ» አሏቸው።

«ይህ የመጨረሻ ሥራችን ነው። ቅጠሉን እርስዎ ይምረጡ። ስምዎ ከላይ ይገባል፤ ሦስተኛ ቦታ።»

ማሲላማኒ አላቅማሙም፤ ኩፓይሜኒን መረጡ። ኩፓይሜኒ ቆሻሻ መጣያ ላይ የሚበቅል አረም ነው፤ ድመት ብቻ ናት የምትወደው። እናታቸው ሙታማል ይህን ቅጠል ከጨው ጋር ወቅጠው የሰፈሩን ልጆች እከክ ያሹ ነበር። አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ሐኪም በሰው ፊት «ቆሻሻ በሕፃን ገላ ላይ የምትለቀልቂ!» ብሎ ጮኸባቸው። ማሲላማኒ ያኔ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ የእናታቸውን እጅ ይዘው ቆመው ነበር። እናትየው ከዚያ ወዲያ ቅጠሉን አልነኩም፤ ሰውም ወደ እሳቸው መምጣት ተወ። ስለዚህ ማሲላማኒ ከራሳቸው ስም በላይ የእናታቸውን ስም ነበር ማጥራት የፈለጉት፤ ይህንንም ራሳቸው ነግረውኛል።

ሥራው ላይ የተመደበችው ተማሪ ፑንጎዲ ትባላለች፤ ከማዱራይ ከተማ የመጣች፣ ቀጭን፣ አንድ ክፉ አመል ያለባት ልጅ። ትጠይቃለች። ገና ቅጠሉ ሳይደርቅ ሱቄ መጥታ ሠንጠረዡን አየችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«አካ፣ ይቺ ‹ባዶ ወረቀት› የምትለዋ ረድፍ ምንድን ናት?»

«ጭማቂ ያልነካው ወረቀት ነዋ። እሱ ቀለበት ካላወጣ፣ የገደለው ቅጠሉ ነው፣ ወረቀቱ አይደለም ለማለት።»

«እሱስ ገባኝ። ዜሮ ይላል። ማን ለካው?»

«እኔ ነኝ የተየብኩት።»

«ማን ለካው ነው ያልኩት።»

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ዜሮ ሱቁን ስከፍት ጀምሮ እዚያው ነበር። ከሌላ ቦታ በተቀዳ ጽሑፍ ይሁን በሌላ እንዴት እንደመጣ አላስታውስም። ተማሪው ሦስት የጭማቂ ቁጥርና ለማነጻጸሪያ የተፈተነ አንድ የሆስፒታል መድኃኒት ቁጥር ያመጣል፤ ዜሮው እንደ ገጽ ቁጥር የሱቁ ስጦታ ነው።

«የመጀመሪያው ተማሪ ለክቶት ይሆናል» አልኳት።

«ያኔ የተለካ ዜሮ ለዘንድሮ ቅጠል ይሠራል?»

«ዜሮ ምን ያረጃል ብለሽ ነው? ውሰጂው፣ ነፃ ነው።»

አልወሰደችም። ማሲላማኒን ባዶ ወረቀት እንዲያስቀምጡላት ስትለምናቸው ትንሽ ቅር አላቸው። «በባዶ ወረቀት ጄሊ ማባከን ምንድን ነው?» ብለው አጉረመረሙ፤ ግን ልጅቱን ስለወደዷት አስቀመጡላት። በነጋታው ጠዋት የተጠረዙ ጽሑፎች ላደርስ ሄጄ ስለነበር የሆነውን በዓይኔ አየሁ።

ማሲላማኒ ማስመሪያውን በኩፓይሜኒው ቀለበት ላይ አድርገው ጮኹ።

«አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር! ኢሳኪ፣ አሥራ ዘጠኝ! ያ እናቴን የሰደበ ሐኪም የት አለ አሁን?»

እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ፑንጎዲ ግን ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች።

«አንና፣ ባዶዋንም ይለኳት።»

«ባዶዋ ምን አላት?»

«ይለኳት ብቻ።»

ለኩ። ማስመሪያውን አነሡና መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ለኩ።

«አሥራ አራት» አሉ በቀስታ። «ተሳስተሽ ጭማቂ ነክረሻት ነው።»

«ያስቀመጧት እርስዎ ነዎት እኮ።»

ሌላ ሳህን ተሠራ። በዚህኛው ላይ ከባዶ ወረቀት በቀር ምንም የለም፤ አንዷን እንዲያውም በቧንቧ ውሃ ነከሯት። በነጋታው ሁሉም ቀለበት አውጥተው ተገኙ። የከተማችን የቧንቧ ውሃ፣ የሚያውቀው ሁሉ የሚፈራው ውሃ፣ በሳይንስ መድኃኒት ሆነ።

ፑንጎዲ የብስኩት ቆርቆሮዋን ከፈተችና ሦስት ጊዜ አነጠሰች። ከክብ ወረቀቶቹ ሥር ነጫጭ ካፉር ተነጥፏል፤ ለበዓል የምናነድደው፣ ሽታው አፍንጫ የሚበሳ ነገር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ በአዩዳ ፑጃ፣ እኛ ዘንድ የሥራ ዕቃ ሁሉ ይከበራል። አናጢው ለመጋዙ፣ ሾፌሩ ለአውቶቡሱ፣ እኔም ለኮምፒውተሬ እርድና ቀይ ዱቄት እንቀባለን፣ አበባ እናንጠለጥላለን፣ ካፉር እናነድዳለን። ቤተ ሙከራው ውስጥ የማሞቂያ ሣጥኑና የእንፋሎት ድስቱ እንደ ሙሽራ ይዋባሉ። ከፓኮው ሳይነድ የተረፈው ካፉር የተባረከ ነውና አይጣልም። ማሲላማኒ ታዲያ ወረቀት የሚበሉ ነፍሳትን እንዲያባርርላቸው በየዓመቱ የተረፈውን ቆርቆሮዋ ውስጥ ይጨምሩት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት። ተቀቅለው የነጹት ወረቀቶች የካፉሩን እስትንፋስ ሲጠጡ ከርመው፣ ባክቴሪያውን የሚገድሉት እነሱ ሆነዋል። ሽታውንማ ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ የሳይንስ ሽታ መስሎን ነው።

ማሲላማኒ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ለምሳ የያዙትን የእርጎ ሩዝ ሳይከፍቱት ወደ ቤት መለሱት።

በማግስቱ ለዶክተሩ ሊነግሩ ሲገቡ ፑንጎዲም አብራ ገባች፤ እኔም የሚፈረም ወረቀት ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዶክተር ራጃማኒካም ሰምተው አልደነገጡም።

«ባዶው በሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ነው፤ ተጽፏል። የተጻፈን ነገር እንደገና መለካት ምን ይባላል?»

«ሰር፣ ካፉሩ ነው እኮ የገደለው» አለች ፑንጎዲ።

«ካፉር ከምን ይወጣል? ከዛፍ። እኛስ ምን አልን? ዕፅዋት ይገድላሉ አልን። የት ላይ ነው ውሸቱ?» ወደ ማሲላማኒ ዞሩ። «መቶ አርባ ሰው በዚህ ተመርቋል። ግማሾቹ ዛሬ ራሳቸው መምህራን ናቸው። ዲግሪያቸውን ልንቀማቸው ነው? እርስዎ አይጨነቁ። አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ስምዎም ሦስተኛ ነው።»

የማሲላማኒን ፊት አየሁት። ስማቸው ከፊታቸው ተቀምጧል፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ዝም ብለውም ወጡ። እኔም፣ አይፈረድብኝ፣ ዝም ብለው ቢቀሩ ብዬ ተመኘሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት «እንዲሁም» ሆኖ የኖረ ሰው አንዴ ስሙን ቢያይ ማን ይጎዳል አልኩ።

እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነበር የከነከናቸው። በሦስተኛው ቀን ቤተ ሙከራውን ማልደው ከፍተው አዲስ ወረቀት በሱ፣ ቀቀሉ፣ ንጹሕ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከደኑት። ጭማቂውን ሦስት ዓይነት አድርገው፣ ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም፣ ወረቀቶቹን ነክረው አልኮሉ በንኖ እስኪያልቅ አደረቁ። ባዶዋን በሳህኑ መሐል አስቀመጡ። ፑንጎዲ ደግሞ አልኮል ብቻ ነክቷት የደረቀች አንዲት ወረቀት ጨመረች። ማሞቂያ ሣጥኑን ዘግተው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት፤ በሕይወታቸው አድርገውት አያውቁም።

በነጋታው ሱቄ ሲገቡ ሳህኑን በመሐረብ ጠቅልለው እንደ እንቁላል ይዘውት ነበር።

«ባዶዋ?» አልኳቸው ገና ከበሩ።

«ምንም የላትም። ባክቴሪያው እላይዋ ድረስ ወጥቷል።»

«አልኮሏስ?»

«ምንም።»

«ቅጠሉስ፣ አንና?»

«ቀጭኑ ምንም። መካከለኛው ምንም።» ሳህኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ማስመሪያውን አወጡ። «ወፍራሙን አንቺ ለኪው። እኔ ሦስት ጊዜ ለክቼ ዓይኔን አላመንኩትም።»

ጎንበስ ብዬ ለካሁ። ጠባብ፣ ግን ጥርት ያለች ቀለበት ነበረች።

«ዘጠኝ» አልኩ።

«ስድስቱ የወረቀቷ የራሷ ስፋት ነው» አሉ። «ሦስቱ የእናቴ ነው።»

ይህን ብለው አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም።

ዶክተሩ ዘጠኝ የሚለውን ሲሰሙ ግን ከካፉሩ ይልቅ በዚህ ነበር የደነገጡት። «ዘጠኝ? ዘጠኝ ብለን ብናሳትም መሳቂያ አይደለንም? የጎረቤት ኮሌጅ ፓፓያ ሃያ ሁለት ነው!»

«እንግዲያው አሥራ ዘጠኙ ላይ ስሜ አይግባ፣ ሰር።»

«ምን?»

«ስሜን ያውጡልኝ። የእናቴ ሦስት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ አላለችም።»

«አንተ ሰውዬ አብደሃል?» አሉ ዶክተሩ፤ «እርስዎ»ው እዚያው ላይ አለቀ። «ዕድሜ ልክህን ስትለምነው የኖርከውን ነገር!»

ጥናቱ በአሥራ ዘጠኝ ታተመ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ እንዳይሆን የዶክተሩ ሚስት ወንድም ገባበት፤ የምጣኔ ሀብት መምህር ነው፤ ኩፓይሜኒን ቢያይ ይረግጠው እንደሆነ እንጂ አያውቀውም። ዶክተር ራጃማኒካም ፕሮፌሰር ሆኑ። ፑንጎዲ የድሮዎቹን ቅጠሎች በንጹሕ ወረቀት እንደገና እየፈተነች ነው። እስካሁን ከፈተነቻቸው አሥራ ሁለት ቅጠሎች ቀለበት ያወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የሚፈርምላት አማካሪ ግን አላገኘችም።

በሽኝቱ ቀን ርዕሰ መምህሩ ለማሲላማኒ ኩታ ደርበውላቸው፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጥተዋቸው፣ ስለ ቀና እጃቸው ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ማሲላማኒ እንዲናገሩ ሲጋበዙ ተነሥተው «እጄ አልነበረም፤ ካፉሩ ነው» አሉ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ከዚያው ኩታቸውን እንደደረቡ ሱቄ መጡ። ከደብተራቸው የተቀደደች አንድ ገጽ ይዘዋል፤ እንድተይብላቸው ነው። ርዕሱን ተየብኩ፤ «የኩፓይሜኒ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያ ላይ ያለው ኃይል»። ከሥሩ «ማሲላማኒ፣ የሙታማል ልጅ» ብዬ ለብቻው አደረግሁት። ከዚያ ሠንጠረዡ። መነጽራቸው ከተሰጣቸው ሰዓት ጋር ካርቶን ውስጥ ስለነበር ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ወፍራም፣ ዘጠኝ። መካከለኛ፣ ምንም። ቀጭን፣ ምንም። ባዶ ወረቀት፣ ዜሮ።

«እሱን ድገሚልኝ።»

«ባዶ ወረቀት፣ ዜሮ።»

«አዎ» አሉ። «እሱን አይቼዋለሁ።»

ገጿ የእናታቸው ፎቶ ሥር ተለጥፋለች፤ ቤታቸው ሄጄ አይቻታለሁ። በዚያ ዓመት የአዩዳ ፑጃ ዕለት ደግሞ ኮሌጁ ብቅ ብዬ ነበር። ፕሮፌሰሩ ለአዲሱ ሠራተኛ የብስኩት ቆርቆሮዋን እያሳዩት «የተረፈው ካፉር እዚህ ነው የሚገባው፤ እንዳትረሳ። የማሲላማኒ ወግ ነው» ይሉታል።

እኔ ኮሌጁን የማስተካክልበት ሥልጣን የለኝም። የራሴን ኮምፒውተር እርድ ከቀባሁት በኋላ ከፈትኩና ከሠንጠረዡ ላይ አንዲት ነገር አጠፋሁ። ከዚያ ወዲህ ተማሪ መጥቶ የ‹ባዶ ወረቀት›ን ረድፍ ሲያይ ይቆጣል።

«አካ፣ እዚህ ጋ የነበረው ዜሮ የት ሄደ?»

«እኔ ጋ የለም» እለዋለሁ። «ሂድና ፈልገህ አምጣ፤ ስታገኘው እተይብልሃለሁ።»